የየካ ዋሻ ሚካኤልና የደጀ ሰላሙ ማዕድ

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. እንደ ተቈረቈረች ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረናል፤ እውነትም ነው። ነገር ግን ከመገናኛ በላይ ወደ የካ ተራራ የሚወጣ ሰው፥ በዕድሜ ከከተማይቱ በብዙ መቶ ዓመታት የሚበልጥ ሕንፃ ያገኛል። ይኸውም ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ነው። በዳገቱ የሚያጅበን ባሕር ዛፍ እንኳ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ስለ ሆነ፥ በአለቱ ፊት ገና ሕፃን ነው።

የአገሩ ትውፊት ሕንፃውን ለአብርሃና ለአጽብሓ ይሰጣል፤ እንዲህ ከሆነ በ4ኛው መቶ ዓመት ተሠራ ማለት ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ግን አሠራሩን ከላሊበላ ጋራ እያስተያዩ ወደ መካከለኛው ዘመን ያወርዱታል። እኔም ወደዚሁ አሳብ አደላለሁ፤ ቢሆንም ትውፊቱን አልንቅም፤ ሕዝቡ ቦታውን አክብሮ እንዲጠብቅ ያደረገው እርሱ ነውና። የቬኒሱ መነኵሴ ፍራ ማውሮ በ15ኛው መቶ ዓመት በሣለው የዓለም ካርታ ላይ ባራራ የምትባል የሐበሻ ከተማ አለች፤ አንዳንድ ሊቃውንት ስፍራዋን ከአዲስ አበባ ባልራቀ አገር ይፈልጋሉ። እንግዲህ ይህ ምድር ከምኒልክ በፊት ባዶ ጫካ ነበረ ማለት አያስኬድም።

ድንጋዩ ከእሳተ ገሞራ የወጣ ለስላሳ ዐይነት ነው። ለጠራቢው መሮ የተመቸ ድንጋይ ለዝናብም ይመቻል፤ ጣራው ከፈረሰ ብዙ ዘመን ሆኖታል። በደቡብ በኩል ያለችው የአዳዲ ማርያም ዋሻ እስከ ዛሬ ይቀደስባታል፤ የየካው ግን ዕድሉ እንደ እርስዋ አልሆነም። ከሁለቱ ታላላቅ የሚካኤል በዓላት አንዱ ሰኔ 12 ቀን፥ ልክ ክረምቱ ሲገባ ስለሚውል፥ ቅርስ ጠባቂዎች የውሃ መውረጃውን ሊያዩ የሚገባቸው ከዚያ በፊት ነው።

ጐብኚም ቢሆን በወሩ 12ኛ ቀን ቢሄድ ይሻለዋል። ከቅዳሴ በኋላ ምእመናኑ በደጀ ሰላም ይሰበሰባሉ፤ በኮባ ቅጠል የተጋገረው ድፎ ዳቦ፥ የስንዴና የሽንብራ ንፍሮ፥ በጌሾና በብቅል የተጠመቀው ጠላ ይቀርባል። ካህኑ ባርኮ ይቈርሳል፤ ለነዳያንና ለእንግዳ ይታደላል። የማኅበሩ ጽዋ በየወሩ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል፤ ተረኛውም ተቀብሎ ሲሄድ ሴቶቹ በእልልታ ይሸኙታል። እንግዳው ማን እንደ ሆነ፥ ከወዴት እንደ መጣ የሚጠይቀው የለም፤ «ጨምር እንጂ፥ ምነው አነሰህ?» ይሉታል እንጂ።