ሰንጠረዥ (ነባር የኢትዮጵያ ቼዝ)

ሰንጠረዥ በኢትዮጵያ ነገሥታትና መኳንንት ዘንድ ለብዙ መቶ ዓመታት ሲዘወተር የኖረ የቼዝ ዓይነት ነው። ከፋርስና ከዐረቡ ዓለም የተስፋፋው የሻትራንጅ ቤተሰብ ሲሆን፣ ከዛሬው ዓለም አቀፍ ቼዝ ጎልቶ የሚለየው በአጀማመሩና የድልን ክብር በሚመዝንበት ደንብ ነው።

ሰሌዳና ጠጠሮች

ሰሌዳው 64 ቤቶች አሉት፤ ቤቶቹ ግን በሁለት ቀለም አይፈራረቁም። ብዙ ጊዜ በቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥብጣብ እየተሰፋ ይሠራ ነበር። እያንዳንዱ ተጫዋች 16 ጠጠሮች ያሰልፋል፦ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ሳባ፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደር (የዛሬው ሩክ) እና ስምንት መደቅ (ወታደር)። ፈርዝ በዛሬው ቼዝ የንግሥቲቱን ቦታ ቢይዝም አቅሙ ትንሽ ነው፤ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ሳባ በሰያፍ ዘሎ ሁለተኛው ቤት ላይ ያርፋል። ደር፣ ፈረስና ንጉሥ እንደ ዛሬው ይንቀሳቀሳሉ፤ መደቅ ግን በመነሻው ላይ እንኳ ከአንድ ቤት በላይ አይገፋም። ሁለቱ ነገሥታት ፊት ለፊት አይቆሙም፤ አንዱ ንጉሥ ከሌላው ፈርዝ ትይዩ ይሰለፋል።

ወረራ

የጨዋታው መክፈቻ ወረራ ይባላል። በዚህ ጊዜ ተራ የለም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ ጠጠር እያንቀሳቀሱ፣ ያንዱን አሰላለፍ ሌላው እያየ፣ ያሻቸውን ያህል ይራመዳሉ። የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ በየተራ ይጫወታሉ። ተመልካቾችም ዝም ብለው አይቀመጡም፤ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መምከር የተለመደ ነበር።

የድል ክብር

ንጉሡን መውጫ ማሳጣት ብቻውን አያስመሰግንም። በደር ወይም በፈረስ የተገኘ ድል እንደ ተራ ሲቆጠር፣ ደካማ በሆኑት በፈርዝ፣ በሳባ ወይም በመደቅ የተገኘው ይበልጥ ይደነቃል። ብቻውን የቀረ ንጉሥ ሊሸነፍ አይችልም። ከመደቅ በቀር አንድ ጠጠር ብቻ የቀረለት ንጉሥ ደግሞ፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ንጉሡ ካልተያዘ ይተርፋል። ስለዚህ ባላጋራውን አለልክ ያራቆተ ተጫዋች በእጁ የገባውን ድል ያጣል፤ ብልህ ተጫዋች የሚበላውን ብቻ ሳይሆን የሚተወውንም ያሰላል።

ታሪክ

ስለ ጨዋታው ከሚታወቁት ቀደምት መረጃዎች አንዱ ዐፄ ልብነ ድንግል (እ.ኤ.አ. 1508–1540 የነገሡ) ሂሮኒሞ ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱ እንደነበር ይገልጻል።   

በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት፣ የትግራዩ ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ የሰንጠረዥ ወዳጅ እንደነበሩ ጽፏል። በመቶ ዘመኑ አጋማሽ የብሪታንያ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን የጨዋታውን ደንብ ገለጸ፤ ጽሑፉ ከሞተ በኋላ በ1868 እ.ኤ.አ. ታተመ።

ከሰንጠረዥ ወደ ቼዝ

ጨዋታው ከመኳንንቱ አዳራሽ ብዙም ስላልወጣ፣ የእነርሱ ሥርዓት በጣሊያን ወረራ ሲናጋ እሱም ተዳከመ። ደንቡን ታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት አሰባስቦታል። ዛሬ በኢትዮጵያ የሚዘወተረው በዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን ደንብ የሚመራው ቼዝ ነው። የፌዴሬሽኑ ከፍተኛ ማዕርግ የሆነውን ግራንድማስተርነት ከአፍሪካ በመጀመሪያ ያገኘው ቱኒዚያዊው ስሊም ቡአዚዝ ሲሆን (1993 እ.ኤ.አ.)፣ ከሰሃራ በታች ካሉ አገሮች ደግሞ ዛምቢያዊው አሞን ሲሙቶዌ ነው። ለማዕርጉ 2500 የደረጃ ነጥብና በታወቁ ውድድሮች የሚገኙ ሦስት የብቃት ውጤቶች ይጠየቃሉ፤ ድሉ በደርም ሆነ በመደቅ ቢገኝ ግን ነጥቡ ያው ነው።