ከቫኪዩም ሞተር እስከ “ብልሁ” ማሽን

ሰው ሲያንኮራፋ እንስቃለን። አጠገቡ የሚተኛን ሰው ጠይቁት፤ የሚያስፈራው ማንኮራፋቱ ሳይሆን ድንገት ጸጥ ማለቱ ነው። ጉሮሮ ይዘጋል፣ ትንፋሽ ቀጥ ይላል፣ ከዚያ ሰውዬው እየተናነቀ ብንን ይላል። ሌሊቱን ሙሉ እንዲሁ ነው። ስሙ ስሊፕ አፕኒያ ይባላል።

እስከ 1980 ድረስ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ለከባዱ ዓይነት ዋነኛው አስተማማኝ ሕክምና ጉሮሮን ከፊት በኩል በስቶ በዚያ መተንፈስ ነበር። በዚያው ዓመት ሲድኒ ውስጥ አንድ ታማሚ “አልበሳም” አለ። ሐኪሙ ኮሊን ሱሊቫን ታዲያ አፍንጫው ላይ ጭንብል ገጥሞ አየር በግፊት ነፋበት፤ ጉሮሮው ሳይዘጋ አደረ። በ1981 የአምስት ታማሚዎች ውጤት ላንሴት መጽሔት ላይ ወጣ። ሲፓፕ ተወለደ! ቀደምቶቹ ማሽኖች የሚሠሩት በቫኪዩም ክሊነር ሞተር ስለነበር ጩኸታቸውን አስቡት።

ሲፓፕ የሚነፋው በአንድ ዓይነት ግፊት ነው። ለአንዳንዱ ሰው ታዲያ በዚያ ግፊት ላይ ማስወጣት ጭንቅ ሆነ። በ1990 ሳንደርስና ከርን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ሲያስገቡ ከፍ፣ ሲያስወጡ ዝቅ የሚል አሠራር አሳዩ፤ ባይፓፕ የምንለው ነው። ግፊቱ በአተኛኘት ይለያያል ሲባል ደግሞ ራሱን እያስተካከለ የሚነፋው አውቶ ሲፓፕ በዚያው በ90ዎቹ መጣ።

ቀጥሎ ከሁሉም “ብልሁ” ኤኤስቪ መጣ። ትንፋሽን በየቅጽበቱ እየተከታተለ ያግዛል። ጉሮሮ ሳይዘጋ፣ አንጎል ራሱ “ተንፍስ” ማለት ለሚረሳባቸው የልብ ድካም ታማሚዎች ትልቅ ተስፋ ተጣለበት። በ2015 ግን 1,325 ታማሚዎችን የያዘ ጥናት ጉድ አወጣ፤ ልባቸው ደም የመግፋት አቅሙ በጣም በቀነሰው በእነዚህ ሰዎች ላይ ማሽኑ በልብ ሕመም የሚሞቱትን ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

እንግዲህ “የቱን ልግዛ?” ለምትሉ፦ እያንዳንዱ ማሽን የተሠራው ለአንድ የተለየ ችግር ነው። አዲሱና ውዱ ለእናንተ ላይሆን ይችላል። ተራው ሲፓፕ ዛሬም ብዙ ሰው በሰላም ያሳድራል። መጀመሪያ የእንቅልፍ ምርመራ አድርጉ፤ የሚዘጋው ጉሮሮ ነው ወይስ የሚረሳው አንጎል? የልብ ሕመም ካለባችሁ ደግሞ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ለሐኪሙ ንገሩት።