የተጠገነ የማዕድን ማውጫ መንገድ፦ የተዳፋት መረጋጋትና የውኃ ማፋሰሻ ትንተና

የማዕድን ማውጫ መንገድ ብዙውን ጊዜ የተራራ ጎን ተቆርጦ የሚሠራና ከባድ ጭነት ያላቸው ተሽከርካሪዎች ያለማቋረጥ የሚመላለሱበት ነው። በመሬት መንሸራተት ወይም በጎርፍ ተጎድቶ የተጠገነ መንገድ ዳግም ለአገልግሎት ከመከፈቱ በፊት ሁለት ጉዳዮች ሊረጋገጡ ይገባል። እነርሱም የተዳፋቱ መረጋጋትና የውኃው መውጫ ናቸው። ውኃ ከመንሸራተት ዋነኛ መንስኤዎች አንዱ በመሆኑ ሁለቱ ተነጣጥለው ሊታዩ አይችሉም።

የመረጋጋት ትንተና

ትንተናው አፈሩን የሚይዘውን ኃይል ወደ ታች በሚገፋው ኃይል በማካፈል የደኅንነት ንጽጽርን ያሰላል። ውጤቱ 1 ሲሆን ተዳፋቱ በመናድ አፋፍ ላይ ነው። ለዘላቂ አገልግሎት በተለምዶ ከ1.3 እስከ 1.5 ይፈለጋል።

ለአብነት፣ የሰበቃ ማዕዘኑ 35 ዲግሪ የሆነ ልቅ ሙሌት በ25 ዲግሪ ተዳፋት ላይ ደረቅ ሳለ 1.5 ገደማ ውጤት ይኖረዋል። ይኸው ሙሌት እስከ ላዩ በውኃ ቢሞላና ውኃው ከተዳፋቱ ጋር ትይዩ ቢሰርግ ግን ውጤቱ ወደ 0.8 ገደማ ያሽቆለቁላል። በበጋ ጽኑ መስሎ የታየ ጥገና በክረምት ሊናድ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለሆነም ስሌቱ ደረቁን ብቻ ሳይሆን በውኃ የተሞላውን ሁኔታም ማካተት ይኖርበታል።

የጥገናው አሠራር

የተንሸራተተውን እርጥብ አፈር መልሶ ወደ ቦታው መግፋት ጥገና አይደለም፤ የተንሸራተተበት ደካማ ገጽ ከሥር እንዳለ ይቀራልና። ልቅ አፈሩ ተነሥቶ ጽኑው መሬት በደረጃ መልክ ሊቆረጥ፣ ውኃ የሚያሳልፍ የድንጋይ ንጣፍ ከሥር ሊዘረጋና ሙሌቱ በስስ ንብርብር እየተጠቀጠቀ ሊሠራ ይገባል። በእርጥበት የሚያብጥና በድርቀት የሚሰነጠቅ ጥቁር መረሬ አፈር ለሙሌት አይመረጥም። የተዳፋቱን ግርጌ መቆፈርም ደጋፊውን ስለሚያሳጣው ያለ ትንተና መፈጸም የለበትም።

የውኃ ማፋሰሻ

የጎርፍ መጠን ከተፋሰሱ ስፋት፣ ከዝናቡ ጥንካሬና ከመሬቱ ጠባይ ይሰላል። 12 ሄክታር ስፋት ካለው ተፋሰስ ላይ በሰዓት 60 ሚሊ ሜትር ጥንካሬ የሚዘንብ ዝናብ ግማሹ ወደ ጎርፍ ቢለወጥ በሴኮንድ 1 ሜትር ኩብ ውኃ ይፈስሳል። ቦዩና ቱቦው ይህን መሸከም አለባቸው። ከቁርጡ በላይ የሚቆፈር የመጥለፊያ ቦይ ጎርፉን ወደ መንገዱ ሳይደርስ ያስቀይሳል። የቱቦው መውጫ በሙሌቱ ላይ ሳይሆን በድንጋይ በተነጠፈ ጽኑ መሬት ላይ ሊያርፍ ይገባል። ተሽከርካሪ ወደ ገደል እንዳይገባ በመንገዱ ጠርዝ የሚከመረው አፈርም በየርቀቱ የውኃ መውጫ ካልተተወለት ውኃውን አቁሮ ጠርዙን ያለሰልሳል።

የሥራው ወቅት

ጥገናው እንደ አካባቢው ዝናብ ሊታቀድ ይገባል። በደጋማው መካከለኛው የሀገሪቱ ክፍል ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። ወርቅ በሚመረትበት የጉጂ አካባቢ ግን ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ሁለተኛው ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል።

ክትትልና ማስጠንቀቂያ

ከመንገዱ በላይ የሚታይ አዲስ ስንጥቅ፣ ያዘነበለ ዛፍ፣ በድንገት የፈለቀ ወይም የደፈረሰ ምንጭ የመንሸራተት ምልክቶች ናቸው። በስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት ችካሎች ተክሎ ርቀታቸውን በየዕለቱ መለካትና መመዝገብ ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው። ርቀቱ እየጨመረ ከሄደ ምልልሱ ወዲያውኑ ሊቆም ይገባል።

በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም በጎፋ ዞን ከብርቱ ዝናብ በኋላ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከ200 በላይ ዜጎች ሕይወታቸውን አጥተዋል። ከእነርሱም መካከል በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማዳን የተሰበሰቡ ወገኖች ይገኙበታል። አንድ ጊዜ የተናደ ተዳፋት ዳግም ሊናድ ይችላል። በመሆኑም በማዕድን ማውጫ ስፍራ ናዳ ሲደርስ ተዳፋቱ በባለሙያ ሳይመረመር ሠራተኛም ሆነ የጥገና መሣሪያ ወደ ግርጌው መግባት የለበትም።