ስለ ሕፃናት የሆስፒታል ቆይታና ስለ ወላጆች ጉብኝት

ከ1940 እስከ 1950 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት በብዙዎቹ የለንደን ሆስፒታሎች የተኙ ሕፃናት ወላጆቻቸውን የሚያዩት በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ለጥቂት ሰዓት ነበር፤ ጉብኝትን ጨርሶ የሚከለክሉም አልታጡም። ለዚህ የሚሰጠው ምክንያት የተላላፊ በሽታ ሥጋት ሲሆን፣ ከዚህም ሌላ ሕፃኑ ወላጁ ተለይቶት ሲሄድ እያለቀሰ ያውካል የሚል ነበር። ለቅሶው ሲያቆም «ለመደ» ይባላል።

ይህን አባባል የተጠራጠረው በ1948 በታቪስቶክ ክሊኒክ ከዶክተር ጆን ቦውልቢ ጋር ሥራ የጀመረው ጄምስ ሮበርትሰን ነው። በሕፃናት ክፍል ተቀምጦ ሲመለከት ሦስት ደረጃዎችን ለየ፤ ይኸውም ሕፃኑ በመጀመሪያ እያለቀሰ እናቱን ይጠራል፤ ቀጥሎ ተስፋ ቆርጦ ዝም ይላል፤ በመጨረሻም ከሁሉ ጋር የተስማማ ይመስላል፣ እናቱ ስትመጣ ግን ፊቱን ያዞርባታል። ሠራተኞቹ መልመድ የሚሉት ይህንኑ ሦስተኛውን ነበር። በአዲስ ክፍል ጥግ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሕፃን ያጋጠመው መምህር ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

በ1952 የወጣው የሮበርትሰን ፊልም ስምንት ቀን በሆስፒታል የቆየች የሁለት ዓመት ልጅ ያሳያል። ልጅቱ ብዙም አታለቅስም፤ የፊልሙ ክብደትም ከዚሁ ላይ ነው። ከወራት በኋላ ፊልሙን በአጋጣሚ ባየች ጊዜ፣ ያን ጊዜ ሁሉ የት እንደነበረች እናቷን በቁጣ ጠየቀቻት።

ፊልሙ ለሐኪሞች በታየ ጊዜ ብዙዎቹ ሆስፒታሎችን ለመንቀፍ የተሠራ ነው ብለው ተቆጡ። ይሁን እንጂ በ1959 በመንግሥት የተሠየመው የፕላት ኮሚቴ ጉብኝት ያለ ገደብ እንዲፈቀድ፣ የትንንሽ ሕፃናት እናቶችም አብረው እንዲያድሩ አሳሰበ። አፈጻጸሙ ግን እጅግ ዘገምተኛ ስለነበረ፣ በ1961 እናቶች ራሳቸው ማኅበር አቋቁመው ሆስፒታሎቹን መጎትጎት ግድ ሆነባቸው።