ወ/ሪት ዛሃ ሐዲድ እና ያልተሠሩት ንድፎች

ለመሆኑ ቢሾፍቱ አጠገብ የታቀደውን አዲሱን አየር ማረፊያ ንድፍ ያወጣው የማን ቢሮ ነው? የእንግሊዛዊቷ አርክቴክት የወ/ሪት ዛሃ ሐዲድ ቢሮ ነው። (ዘመኑ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው።)

በ1950 ባግዳድ ተወልደው፣ ቤይሩት ሒሳብ አጥንተው፣ በ1972 የሕንፃ ንድፍ ሊማሩ ለንደን ገቡ። በ1980 የራሳቸውን ቢሮ ከፈቱ። ሆኖም ስማቸውን ያስጠራው የመጀመሪያው ሕንፃ፣ ጀርመን አገር የሚገኘው የቪትራ ፋብሪካ የእሳት አደጋ ጣቢያ፣ ያለቀው በ1993 ነው። ለ13 ዓመት ገዢ ያጣ ዕቃ ደርድሮ ኪራይ መክፈል ምን ማለት እንደሆነ እኛ ነጋዴዎች እናውቀዋለን!

በ1983 የሆንግ ኮንግን ውድድር አሸነፉ፤ ሕንፃው አልተሠራም። በ1994 የካርዲፍን ኦፔራ ቤት አሸነፉ፤ በ1995 ገንዘቡ ተከለከለ። እሳቸው ግን መንደፉን አልተዉም። በ2004 የፕሪትዝከርን ሽልማት ከሴቶች የመጀመሪያዋ ሆነው ተቀበሉ። ለ2012 ኦሊምፒክ የለንደኑን የመዋኛ አዳራሽ ሠርተው፣ በ2016 በ65 ዓመታቸው አረፉ።