ጦርነቱን በማን ዓይን አየነው? የ«ጌም ኦፍ ትሮንስ» ካሜራና የሥልጣን ጥያቄ

የነገሥታትን ታሪክ የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት ጉዳይ አለ፤ እርሱም የት ቆሞ እንደሚያይ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ነው ወይስ ከሚቃጠለው ሰፈር? ጸሐፊ ይህን ምርጫውን በቃላት ሊሸፍነው ይችል ይሆናል። የፊልም ሰው ግን አይችልም፤ ካሜራው የግድ አንድ ቦታ መቀመጥ አለበትና። እ.ኤ.አ. ከ2011 እስከ 2019 በኤች.ቢ.ኦ. የታየው «ጌም ኦፍ ትሮንስ» አብዛኛውን ጊዜ የሚወሳው በዘንዶዎቹና በሚፈሰው ደም ነው። እኔ ግን ውድ አንባብያንን ወደ ካሜራው አቀማመጥ ልወስዳችሁ እወዳለሁ፤ የድራማው ፖለቲካ ከገጸ ባሕርያቱ ንግግር ይልቅ እዚያ ተጽፏል ብዬ አምናለሁ።

ጅማሬው እጥረት ነበር። በመጀመሪያው ምዕራፍ (2011) ታላቅ ጦርነት ለመቅረጽ የሚበቃ ገንዘብ አልነበረም። በመሆኑም ቲሪዮን ላኒስተር ውጊያው ከመጀመሩ በፊት ራሱን ተመትቶ ይወድቃል፤ ተመልካቹም አብሮት ራሱን ይስታል፣ ሲነቃም ሁሉ ነገር አልቋል። በዚያው ክፍል ኔድ ስታርክ አንገቱ ሲቀላ፣ ዳይሬክተሩ አላን ቴይለር የሕዝቡን ጩኸት አደብዝዞ የሟቹን ትንፋሽ ያሰማናል። ልጁ አርያ ቀና ስትል የምታየው ሰይፉን ሳይሆን የሚበሩ ወፎችን ነው። ከሺህ ጭፍራ ይልቅ የአንድ ሰው ጆሮና ዓይን እንደሚበቃ ድራማው የተማረው ገና ያን ጊዜ ነው።

ገንዘቡ ከመጣ በኋላ ይህ ትምህርት አልተረሳም። በ2016 የታየውንና «የዲቃሎች ጦርነት» የተሰኘውን ክፍል ያዘጋጀው ሚጌል ሳፖችኒክ ሲሆን የካሜራው ባለሙያ ፋቢያን ዋግነር ነበር። በሰሜን አየርላንድ ሜዳ ላይ ቀረጻው 25 ቀን ወስዷል፤ 500 ያህል አጃቢ ተዋንያንም ተሰልፈውበታል። ውጊያው ሲጋጋል ካሜራው ሳይቆረጥ በሚመስል ረጅም ቀረጻ ጆን ስኖውን ብቻ ይከተላል። ፈረስ ከየት እንደሚመጣ፣ ማን ማንን እንደሚወጋ አይታወቅም። ጆን በሕይወት የሚተርፈው በጀግንነቱ ሳይሆን በአጋጣሚ መሆኑን እንድናይ ተደርገናል። ስለ ጦርነት ይህን ያህል እውነት የሚናገር የንጉሥ ዜና መዋዕል አላውቅም።

ቀጥሎ የቦልተን ጋሻ ጃግሬዎች የጆንን ሠራዊት ከብበው የሚያጠብቡበት ትዕይንት ከታሪክ የተቀዳ ነው። ሐኒባል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ216 ዓመት በካኔ ሮማውያንን የከበበው እንዲሁ ነበር። በ1415 በአዠንኩር ደግሞ በርካታ የፈረንሳይ ባላባቶች በጭቃና በግፊያ ውስጥ ታፍነው አልቀዋል። ጆን በሬሳና በሰው እግር ሥር ሲታፈን የምናይበት ክፍል ግን መጀመሪያ በጽሑፉ አልነበረም። ዝናቡ ሜዳውን አጨቅይቶ የቀረጻው ጊዜ ሲያጥር ሳፖችኒክ ያቀረበው መፍትሔ ነበር። ኦርሰን ዌልስም በ1965 ፊልሙ የሽሩስበሪን ጦርነት በጥቂት ሰዎችና በብዙ ጭቃ ሠርቶታል፤ ጭቃ ለታሪክ ፊልም ከወርቅ ካባ ይበልጥ ይጠቅማል። ራምሴ ቦልተን በበኩሉ ፈረሱ ላይ ተቀምጦ በገዛ ወታደሮቹ ላይ ጭምር ቀስት ያስወረውራል። ከሩቅ ለሚያይ አዛዥ የወገንና የጠላት ሬሳ አንድ ነው።

በዚያው ዓመት ያው ዳይሬክተር ካሜራውን ወደ ሰገነት አወጣው። ሰርሲ የቤይለርን ቤተ መቅደስ ከነሕዝቡ ስታጋየው እልቂቱን ከመስኮቷ ሆና ትመለከታለች። የራሚን ጃዋዲ ሙዚቃ ያጅበዋል፤ ካሜራው ወደ ጎዳና የሚወርደው ለቅጽበት ያህል ብቻ ነው። ከዚያ ወጣቱ ንጉሥ ቶመን ከሥዕሉ ወጥቶ ዘውዱን አስቀምጦ ይመለስና በመስኮቱ ራሱን ይወረውራል። ካሜራው አይነቃነቅም፣ አይከተለውምም። በእኔ ግምት የድራማው ምርጥ ቀረጻ ይህ ነው።

በ2019 «ደወሎቹ» በተባለው ክፍል ሳፖችኒክ ሁሉንም ገለበጠው። ዴኔሪስ ከተማዋን ማቃጠል ከጀመረች በኋላ ፊቷ በዚያ ክፍል ዳግመኛ አይታይም፤ ከላይ የሚታየው ዘንዶው ብቻ ነው። ካሜራው ከአርያ ጋር በአመዱ ውስጥ ይሮጣል፣ ይወድቃል፣ ይረገጣል። አርያ ልታድናቸው የሞከረቻቸው እናትና ልጅ ተቃቅፈው ይከስላሉ። የዴኔሪስ መለወጥ ተጣደፈ የሚለው የብዙዎች ወቀሳ ልክ ነው፤ ካሜራው የተናገረውን ድርሰቱ አላዘጋጀውም። እኔን የሚቆጨኝ ግን ሌላ ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ከጌቶች ጋር የተቀመጠ ካሜራ ከሕዝቡ ጋር በቅጡ የቆመው ሕዝቡ ሲቃጠል ብቻ ነው።

በመጨረሻው ክፍል መኳንንቱ ንጉሥ ለመምረጥ የሚሰበሰቡበት ስፍራ የተቀረጸው በስፔን፣ በሴቪያ አቅራቢያ ባለው የሮማውያን አምፊቲያትር ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ሳምዌል ታርሊ ተነሥቶ፣ ገዢውን ሕዝቡ ሁሉ ቢመርጥስ ሲል መኳንንቱ ይስቁበታል። ከአመዱ የተረፈ አንድም የከተማው ነዋሪ በዚያ የለም፤ ካሜራውም ከሚስቁት ጋር በጥላው ሥር ተቀምጧል።