የበሉበትን ወጪት

አጎቴ አንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ሰሞኑን የካሮሊን ሀንተርን ታሪክ ሳጫውታቸው ቡናቸውን ፉት አሉና አንድ ነገር ጠየቁኝ፦ «ደሞዟን ግን ትበላ ነበር?»

አዎ፣ ትበላ ነበር። ሀንተር ማሳቹሴትስ፣ ካምብሪጅ ውስጥ የፖላሮይድ ኩባንያ ኬሚስት ነበረች። ኩባንያው ፎቶን እዚያው በደቂቃ አውጥቶ በሚሰጥ ካሜራው የታወቀ፣ በአሠሪነቱም ስመ ጥር ነበር። በ1970 እ.ኤ.አ. እሷና የሥራ ባልደረባዋ ኬን ዊሊያምስ፣ ሁለቱም ጥቁር አሜሪካውያን፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የደቡብ አፍሪካ ማዕድን መሥሪያ ቤት የሚል የመታወቂያ ናሙና ተለጥፎ አዩ።

በዚያን ጊዜ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ጥቁር ሰው 16 ዓመት ከሞላው ፎቶው ያለበት የይለፍ ደብተር ይዞ መዞር ግዴታው ነበር። ሳይዝ ከተገኘ ይታሰራል። በ1960 ሻርፕቪል ላይ ይህንኑ ሕግ ለመቃወም ከወጡት ሰዎች ፖሊስ 69ኙን ገድሏል።

ሁለቱ ወረቀት በተኑ፣ ሰልፍ ጠሩ። ኩባንያው ከደቡብ አፍሪካ እንዲወጣ፣ አፓርታይድን በይፋ እንዲያወግዝ፣ እዚያ ያገኘውን ትርፍም ለነጻነት ታጋዮች እንዲሰጥ ጠየቁ። ሕዝቡ ምርቱን እንዳይገዛም ቀሰቀሱ። ፖላሮይድ በጥር 1971 በጋዜጦች ትልልቅ ማስታወቂያ አወጣ፤ አፓርታይድን እንደሚጸየፍ፣ ነገር ግን እዚያው ቆይቶ የጥቁር ሠራተኞችን ኑሮ ለማሻሻል እንደሚሞክር ገለጸ። በየካቲት ሀንተርን አባረራት። ዊሊያምስ ቀደም ብሎ ሥራውን ለቆ ነበር።

«ካልተስማማት እሷም እንደሱ ዝም ብላ አትለቅም ነበር?» አሉ አጎቴ። «የበሉበትን ወጪት መስበር ምን ይባላል?»

ይህ የእሳቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም። የተባረረ ሠራተኛ ባለበት ሁሉ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ይህንኑ ነው። እኔ ግን እንዲህ አልኳቸው፦ «ጋሼ፣ ድስቱ ውስጥ ያለውን የሚያውቀው እኮ ከድስቱ የሚበላው ነው። ውጭ ያለነው መታወቂያውን ከየት እናየዋለን?» ዊሊያምስም ቢሆን ለቀቀ እንጂ ዝም አላለም።

በ1977 የኩባንያው የደቡብ አፍሪካ ወኪል ዕቃውን በድብቅ ለመንግሥት ይሸጥ እንደነበር ቦስተን ግሎብ አጋለጠ። ፖላሮይድም ንግዱን አቋረጠ። በ1986 የአሜሪካ ምክር ቤት የሬጋንን ተቃውሞ ሽሮ በደቡብ አፍሪካ ላይ ማዕቀብ ጣለ። ሀንተር መምህርት ሆነች። ዛሬ ታሪኳ የሚነሳው በአድናቆት ነው።

እዚህ ላይ ነው የሚከነክነኝ። ጊዜው ካለፈ በኋላ ማድነቅ ምንም አያስከፍልም። የተባረረችው ሴት አድናቆቱ ያስፈለጋት ግን ደሞዟ በተቋረጠበት ወር ነበር።

አጎቴ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። «እኛም ቤት ብዙ ነገር አይቻለሁ» አሉ። «አራት ልጅ ነበረኝ።»

አልፈረድኩባቸውም። እንጀራ ቀልድ አይደለም፤ ሁሉም ሰው ሀንተርን ይሁን የሚል አቅም የለኝም። ግን ዝም ያልን ሰዎች ቢያንስ አንድ ነገር እንችላለን፦ የተናገረችውን ወጪት ሰባሪ ብለን ስም አለመስጠት።